ከፊላደልፊያ ወደ ሚናስ ዤራይስ፦ የአንዲት ትንሽ ሎኮሞቲቭ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 18

ዛሬ የመጀመሪያውን የናስ ላሜራ ቆረጥሁ። የምሠራው በ1880 እዚህ ፊላደልፊያ ውስጥ በባልድዊን ፋብሪካ ተሠርታ በብራዚል ሚናስ ዤራይስ ግዛት ለነበረው የኦኤስቴ ዴ ሚናስ ባቡር የተላከችውን የቁጥር 1 ሎኮሞቲቭ ሞዴል ነው። በዚህ ማስታወሻ የታሪክ ዓመታቱን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ የሥራ ቀኖቼን ግን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በከተማችን መካከል ያልፍ ስለነበር፣ ጠባብ ሐዲድ ለእኔ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። የእኛ መስመር ሎኮሞቲቮች ከአውሮፓ የመጡ በመሆናቸው ግን አሜሪካ ለራሷ ከምትሠራው ውጭ ለሌላው ዓለም ባቡር የምትልክ አገር መሆኗን ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ የማልፍበት የብሮድና የስፕሪንግ ጋርደን መንገዶች አካባቢ በአንድ ወቅት የዓለም ትልቁ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ሰፈር እንደነበረ ስሰማ ለማመን ቸግሮኝ ነበር፤ ምክንያቱም ዛሬ በቦታው የሚታይ የፋብሪካ ግድግዳ የለም። የመሥራቹ የማታያስ ባልድዊን ሐውልት በከተማው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ቆሟል፤ በ19ኛውና በሃሚልተን መንገዶች ማእዘን ላይም በስሙ የተሰየመ መናፈሻ አለ። ሰውየው ባርነትን የተቃወመና ለጥቁር ልጆች ትምህርት ከገንዘቡ የሰጠ መሆኑን ሳነብ ሐውልቱን የማይበት ዓይን ተለወጠ።

ይህን ሞዴል ለመሥራት ያነሣሣኝ አንድ ጥያቄ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በደቡብ አሜሪካ የባቡር ነገር አብዛኛው በእንግሊዞች እጅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የአርጀንቲናን ሜዳ ያቋረጡት ሰፋፊ መስመሮችና ከሳንቶስ ወደብ ወደ ሳው ፓውሎ የሚወጣው መስመር ገንዘባቸውም ሎኮሞቲቮቻቸውም ከእንግሊዝ የመጡ ነበሩ። ታዲያ የሚናስ ዤራይስ ሰዎች ለተራራ መስመራቸው ወደ ፊላደልፊያ ያዘዙት ስለ ምን ነው? ዋጋና የመላኪያ ፍጥነት የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አውቃለሁ። እኔ ግን ዋናው መልስ ከሻንሲው በታች፣ ጎማዎቹ ሸክሙን በሚሸከሙበት መንገድ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም አንብቤ ብቻ ሳይሆን በእጄ ሠርቼ ማየት እፈልጋለሁ።

መስከረም 25

ስለ መጠኑ ብዙ አስቤ ወሰንሁ። የኦኤስቴ ዴ ሚናስ ሐዲድ ስፋት 762 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 30 ኢንች ነው፤ የአገሩ ሰዎች በፍቅር «ቢቶሊኛ»፣ ትንሿ ስፋት፣ ይሉታል። ይህ በ24 ሲካፈል አንድ ኢንች ከሩብ፣ ወይም 31.75 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህም ዜሮ ተብሎ የሚጠራው የታወቀው የሞዴል ሐዲድ ስፋት ነው። ስለዚህ ሐዲዱን ከገበያ ገዝቼ አንድም ነገር ሳልዋሽ እጠቀምበታለሁ ማለት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ባልድዊን ሁሉን ነገር በጫማና በኢንች ይለካ ስለነበር፣ በዚህ መጠን አንድ ጫማ ግማሽ ኢንች ይሆናል፤ ሒሳቡ በጭንቅላት የሚሠራ ነው።

የምሠራባት ሥዕል ሎኮሞቲቭዋ ዛሬ በቆመችበት በሳው ጆዋው ዴል ሬይ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ተለክታ የተነሣች ናት። ሙዚየሙ በ1981 የተከፈተ ሲሆን በዙሪያው ሎኮሞቲቮች የሚያድሩበት ክብ ሕንፃና መሽከርከሪያ መድረክ አለው። ከዚያች ከተማ እስከ ቲራደንቴስ ያለው የ12 ኪሎ ሜትር መስመር እስከ ዛሬ በእንፋሎት ይሠራል። በደጉ ዘመን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ከነበረው ጠባብ መስመር የተረፈው ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው በ1980ዎቹ ተዘግቷል።

ጥቅምት 3

ዛሬ ብረት አልነካሁም፤ የዋልሁት የባልድዊንን የምድብ አጻጻፍ በመማር ነው። ይህንን የምጽፈው ሞዴል ሠሪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚሰጠው ምልክት ራሱ ስለ ሎኮሞቲቩ ይናገራል። ለምሳሌ «8-18 ሲ» የሚል ቢጻፍ፣ የፊተኛው ቁጥር የጎማዎቹን ጠቅላላ ብዛት ያሳያል፤ የመጨረሻው ፊደል የነጂ ጎማዎችን፣ ማለትም እንፋሎቱ የሚያሽከረክራቸውን፣ ብዛት ይናገራል፤ «ሲ» አራት፣ «ዲ» ስድስት፣ «ኢ» ስምንት ነው። የመካከለኛው ቁጥር የሲሊንደሩን ስፋት ይሰውራል፤ ለሁለት ተካፍሎ ሦስት ሲደመርበት በኢንች ያለው ስፋት ይወጣል። 18 በዚህ ስሌት 12 ኢንች ነው፤ በእኔ መጠን ደግሞ ልክ ግማሽ ኢንች።

ለደቡብ አሜሪካ ደንበኛ ይህ ቋንቋ ተራ ነገር አልነበረም። የፋብሪካው ካታሎግ ለየዓይነቱ የቴሌግራም ቃል ስለሚሰጥ፣ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው በአንዲት ቃል ሙሉ ሎኮሞቲቭ ማዘዝ ይችል ነበር። ከዚህም በላይ ክፍሎቹ በመለኪያ ቅርጽ ተመሳክረው ስለሚሠሩ፣ በአንድ ምድብ ውስጥ የአንዱ ቢዬላ፣ ጎማውን የሚገፋው ዘንግ፣ ለሌላው ይሆናል። በተራራ መካከል ያለ ወርክሾፕ መለዋወጫ ሲያዝ ከሞረድ ጋር ሳይታገል የሚገጥምለት ዕቃ ይመጣለታል ማለት ነው።

በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን በሁለት ተማሪዎች እጅ የተሠሩ ብሎንና ዳዶ ሳይቸገሩ እንዲጋጠሙ ያስገድደን ነበር፤ ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ጥቅምት 14

ሻንሲውን ጨረስሁ። የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ሻንሲ እንደ እንግሊዙ ከአንድ ሰፊ ላሜራ የተቆረጠ ሳይሆን፣ ከወፍራም የብረት ዘንጎች በቀጥቃጭ እጅ ተያይዞ እንደ አጥር የተሠራ ነው። ከጎን ሲታይ በመካከሉ ብርሃን ያሳልፋል። ስብራት ሲደርስበት የመንደር ቀጥቃጭ እንኳ በምድጃ አግሎ ሊበይደው ስለሚችል፣ ከትልቅ ፋብሪካ ርቆ ለሚሠራ ባቡር ይህ ትልቅ በረከት ነበር።

እኔ ግን ዛሬ አንድ አቋራጭ መንገድ ወሰድሁ፤ ኋላ እንድመለስበት እዚህ ላይ በግልጽ እጽፈዋለሁ። በእውነተኛዋ ሎኮሞቲቭ የነጂ ጎማዎቹ አክስሎች ያረፉባቸው ሳጥኖች በሻንሲው ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ናቸው። እኔ በዚህ ትንሽ መጠን ለውጥ አያመጣም ብዬ፣ አራቱንም ኩሽኔታዎች በሻንሲው ላይ ቀጥ አድርጌ በየድኋቸው። ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ስበሳ ሁለቱን የሻንሲ ጎኖች አንድ ላይ በሞርሳ ይዤ ስለነበር፣ አክስሎቹ ፍጹም ትይዩ ሆነው ወጡ።

ጥቅምት 27

ጎማዎቹን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ሄደብኝ። ነጂ ጎማዎቹን ከብረት በቶርኖ አወጣሁ፤ ከፊት ያሉትን መሪ ጎማዎች ከገበያ ገዛሁ። ቢዬላዎቹን በፍሬዛ ላይ ከኒኬል ብር ሠራኋቸው። ሞተሩ በማገዶ ሳጥኑ ውስጥ፣ ባትሪው ከኋላ በምትከተለው የውሃና የማገዶ ጋሪ ውስጥ ይሆናል።

ኅዳር 9

የዛሬው ፈተና አልተሳካም።

በመሬት ቤቴ ውስጥ አራት ሜትር ሐዲድ ዘርግቼ ነበር። ሚናስ ዤራይስ ኮረብታማ አገር ነው፤ ካፒታል ያነሰው ኩባንያ ቀላል ሐዲድ ያነጥፋል፣ ኮረብታውን ከመብሳት ይልቅ ይዞረዋል፣ ከዝናብ በኋላ የሰጠመውን ቦታም ሁልጊዜ በጊዜው አያነሣም። እኔም ይህንኑ ለመምሰል በአንደኛው ሐዲድ ሥር በሦስት ቦታ የ1.5 ሚሊ ሜትር ካርቶን ሸጎጥሁ። በ24 ሲባዛ 36 ሚሊ ሜትር ከፍታ ነው፤ ያልተጠበቀ የተራራ መስመር ላይ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው።

ሎኮሞቲቭዋን አሥር ጊዜ ነዳኋት፤ ሰባት ጊዜ ከሐዲድ ወጣች። በቀሩት ሦስት ጊዜያትም ነጂ ጎማዋ ካርቶኑ ላይ ስትደርስ በቦታዋ እየተሽከረከረች ትቆማለች። በጎማዎቹ ሥር ቀጭን የሲጋራ ወረቀት አስገብቼ ብስብ፣ እብጠቱ ላይ በቆመችበት ጊዜ ከአራቱ ነጂ ጎማዎች የአንደኛው ወረቀት ያለ አንዳች መያዝ ተንሸራትቶ ወጣ። ያ ጎማ አየር ላይ ነው ማለት ነው። የሎኮሞቲቭ የመጎተት ኃይል ነጂ ጎማዎች ሐዲዱን ከሚጫኑበት ክብደት የሚመጣ ስለሆነ፣ አንዱ ጎማ ሲንጠለጠል የሚቀንሰው ኃይል ነው፤ በኩርባ ላይ የተንጠለጠለው የውጪው ጎማ ከሆነ ደግሞ የሚከተለው ከሐዲድ መውጣት ነው።

ኅዳር 10

ጎረቤቴ የሆኑት አዛውንት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለአርባ ዓመት ያህል የከባድ መኪና መካኒክ የነበሩ ሰው፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው ሳለ ሞዴሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከሥር ገልብጠው አዩትና፣

«ልጄ፣ ባሌስትራው የታለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ስለሆነች አያስፈልጋትም ብዬ ተውኩት» አልኋቸው።

«መንገዱን አበላሽተህ አሳነስከው፤ መኪናውን ግን ሳታዘጋጀው አሳነስከው። ጎርባጣው እንዳለ ነው እኮ!» ብለው መለሱልኝ።

ነገሩ ልክ ነበር። በቀኝም በግራም ሳስበው ከዚህ የሚያመልጥ መልስ አላገኘሁም። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ የበየድኋቸውን ኩሽኔታዎች በእሳት አላላሁና ነቀልኋቸው።

ኅዳር 16

ለመቁረጥ ከመነሣቴ በፊት እውነተኛውን ነገር ማየት ፈለግሁ፤ ስለዚህ ወደ ከተማችን የሳይንስ ሙዚየም፣ ወደ ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት፣ ሄድሁ። እዚያ ባልድዊን በ1926 የሠራው 60,000ኛው ሎኮሞቲቭ፣ ቁጥር 60000፣ ቆሟል። ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን፣ አሥር ነጂ ጎማ ያለው ግዙፍ ነው፤ ፋብሪካው ለማሳያ ሠርቶት ገዢ ሳያገኝ ቀርቶ ከ1933 ጀምሮ በሙዚየሙ ውስጥ ይኖራል። ፋብሪካው ቁጥር 5000 የደረሰው በ1880፣ የእኔ ትንሽ ሎኮሞቲቭ በተሠራችበት ዓመት ነበር። በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ሌላ 55,000 ሎኮሞቲቭ ከዚህ ከተማና ከአካባቢዋ ወጣ ማለት ነው። በ1906 ብቻ 2,666 ተሠርተዋል፤ ይህም በእያንዳንዱ ቀን ከሰባት በላይ ነው። ዛሬ ሰዎች በጸጥታ ቡና ይዘው በሚያልፉበት መንገድ ላይ ይህ ሁሉ መዶሻ ይጮህ እንደነበር ሳስብ ልቤ ይነካል።

በጉልበቴ ተንበርክኬ ከጎማዎቹ በስተጀርባ አየሁ። ከአንዱ ሞላ ወደ ሌላው የሚሄዱት ከባድ ክንዶች በግልጽ ይታያሉ። የሎኮሞቲቮቹ መጠን ይህን ያህል ቢራራቅም አሳቡ አንድ ነው።

አሳቡም የተገኘው በዚሁ ከተማ ነው። ከፊት አራት መሪ ጎማ፣ ቀጥሎ አራት ነጂ ጎማ ያለውን ቅርጽ በ1836 የፓተንት መብት ያወጣለት የፊላደልፊያው ሄንሪ ካምቤል ነበር፤ ጎማዎቹን በሚዛን ክንድ የማገናኘትን ዘዴ ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ሌላው የፊላደልፊያ ሰው ጆሴፍ ሃሪሰን አዳበረው። የአሜሪካ ሐዲድ ራሱ በዚያ ዘመን ጎርባጣና በችኮላ የተነጠፈ ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ መንገዱን ማስተካከል ሲያቅታቸው ሎኮሞቲቩን መንገዱን እንዲታገሥ አድርገው ሠሩት። ደቡብ አሜሪካ የገዛችው ይህን ትዕግሥት ነው።

ታኅሣሥ 4

የሚዛን ክንዶቹ ተሠሩ። አሠራራቸውን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ላይ ነውና።

በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነጂ ጎማዎች አሉ። እያንዳንዱ አክስል ያረፈበት ሳጥን በሻንሲው መንገድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ በላዩም ባሌስትራ ተቀምጦበታል። በሁለቱ ባሌስትራዎች መካከል አንድ ክንድ አለ፤ መካከሉ በሻንሲው ላይ በፒን ተሰክቶ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፤ ሁለቱ ጫፎቹ የባሌስትራዎቹን ጫፎች ይይዛሉ። የፊተኛው ጎማ እብጠት ላይ ሲወጣ ክንዱ ያጋድልና የኋለኛውን ጎማ ወደ ታች ይጫነዋል። በመሆኑም ሁለቱ ጎማዎች ምንጊዜም ሸክሙን ይካፈላሉ፤ አንዱ ተንጠልጥሎ ሌላው ብቻውን አይሸከምም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ነው የሚያስደንቀው። ሻንሲው በቀኝ በኩል የሚያርፈው በክንዱ ፒን ላይ፣ በግራም እንዲሁ በሌላው ፒን ላይ ነው። ከፊት ያለው ባለ አራት ጎማ ጋሪ ደግሞ ሎኮሞቲቩን የሚሸከመው በመካከሉ ባለ አንድ ምሰሶ ነው። ጎማዎቹ ስምንት ናቸው፤ ሸክሙ ያረፈው ግን በሦስት ቦታ ነው። እናቴ ጭቃ ግቢ ውስጥ ድስት የምትጥድበት ጉልቻ ሦስት የሆነው ለምን እንደሆነ ማንም አስተምሯት አያውቅም፤ መሬቱ እንዴትም ቢሆን ሦስት ድንጋይ እንደማይወላውል፣ አራተኛው ከተጨመረ ግን አንዱ ሁልጊዜ ያለ ሥራ እንደሚቀር በእጇ ታውቃለች። የካምቤልና የሃሪሰን ሎኮሞቲቭ በጉልቻ ላይ የተጣደ ቦይለር ነው።

ባሌስትራዎቹን የሠራሁት ከአሮጌ የሰዓት ሞላ ነው። እያንዳንዱ አምስት ቅጠል አለው። መጀመሪያ ስምንት ቅጠል አድርጌያቸው ነበር፤ ደርቀው አልታጠፍ ስላሉ እየቀነስሁ አምስት ላይ ስደርስ ልኬን አገኘሁ። የሳጥኖቹ መንሸራተቻ ላይ በካሊብሮ የለካሁት ክፍተት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ቢጠብ ይነክሳል፤ ቢሰፋ አክስሉ ይጣመማል፤ ቢዬላውም ይይዛል። በሦስት ምሽት ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ይዤ የታገልሁት ከዚህ ክፍተት ጋር ነው።

ታኅሣሥ 21

ያንኑ ሐዲድ፣ ያንኑ ካርቶን ሳልነካ ሎኮሞቲቭዋን ሃያ ጊዜ ነዳኋት። አንድም ጊዜ አልወጣችም። ካርቶኑን እጥፍ አድርጌ 3 ሚሊ ሜትር አደረስሁት፤ አሁንም አለፈች፤ ከጎን ሆኜ ስመለከት ክንዱ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ጎማው ይወርዳል፣ ቦይለሩ ግን ጥቂት ከፍ ብሎ ይመለሳል እንጂ አይናወጥም። የሲጋራ ወረቀቱ በአራቱም ጎማዎች ሥር ይይዛል።

የወጥ ቤት ሚዛን አምጥቼ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻው መዘንሁ። በቀድሞው ሻንሲ ላይ በአንድ ጎን በሚገኙት በሁለቱ ነጂ ጎማዎች መካከል የነበረው ልዩነት አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር፤ አሁን ልዩነቱ ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ደስታዬን ለመግለጽ ቃል ስላጣሁ ጎረቤቴን በስልክ ጠራኋቸው፤ ካባቸውን ደርበው በበረዶው ውስጥ መጡ፤ እርሳቸው ራሳቸው አምስት ጊዜ ነዷት።

ጥር 8

ቦይለር፣ ጭስ ማውጫና ጋቢና። እነዚህ ለዓይን ደስ የሚሉ፣ ለእጅ ግን ቀላል ሥራዎች ስለሆኑ ብዙ አልጽፍም። የጭስ ማውጫው ላይኛው ክፍል እንደ ሽንኩርት ያበጠው፣ በእንጨት የሚነዱ ሎኮሞቲቮች ፍንጣሪውን በውስጡ ባለው ወንፊት ይዘው ሜዳውን ከእሳት እንዲጠብቁ ነው። ቅርጹን በቶርኖ ላይ ከአንድ ድፍን ናስ አወጣሁት።

በጋቢናው ላይ ስሠራ ያሰብሁትን ግን ልጻፍ። የብራዚል ንጉሠ ነገሥት ዶም ፔድሮ ሁለተኛ በ1876 ወደዚህ ከተማ መጥተው ነበር። የአሜሪካ ነጻነት መቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ሲከፈት ከፕሬዚዳንት ግራንት ጋር ሆነው ታላቁን የኮርሊስ የእንፋሎት ሞተር በእጃቸው አስነሡ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 28 ቀን 1881፣ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት የኦኤስቴ ዴ ሚናስ መስመር ሲመረቅ በሳው ጆዋው ዴል ሬይ ተገኙ። በፊላደልፊያ የእንፋሎትን ኃይል ያነቃቁት እጆች በሚናስ ተራሮች መካከል የፊላደልፊያን ሎኮሞቲቮች ተቀበሉ። በዚያ ሰዓት በጣቢያው የነበረው ሕዝብ ወርቅ ያለቀበት የቆየ የማዕድን ከተማ ሕዝብ ነበር፤ ሐዲዱ የሚያመጣለትን ሁሉ በናፍቆት ይጠብቅ እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የሠሪው ሰሌዳ ብቻ ይቀረኛል። በዚያ ዘመን ፋብሪካው በበርንሃም፣ ፓሪ፣ ዊሊያምስ እና ሸሪኮቻቸው ስም ይመራ ስለነበር ሰሌዳው የእነርሱን ስም ይይዛል። ፊደሎቹን በመርፌ መቅረጽ ከዓይኔ አቅም በላይ ስለሆነ ለልጄ ልተውላት አስቤአለሁ።

የካቲት 2

ልጄ ዳላስ ትኖራለች። የባልድዊን የዝርዝር መጻሕፍት ብዛት ያላቸው ቅጾች ዛሬ የሚገኙት እዚያው ዳላስ፣ በሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ዴጎልየር ቤተ መጻሕፍት ነው። ፋብሪካው ለየትእዛዙ የሚሠራውን ሁሉ፣ ከቦይለር እስከ ቀለም፣ በእጅ ጽሕፈት ያሰፈረባቸው መጻሕፍት ናቸው። ልጄ በልጅነቷ መሬት ቤቱ ውስጥ ከአጠገቤ ቁጭ ብላ ብሎን ትመርጥልኝ ነበር፤ አሁን ሞዴሏን ማየት ፈለገች።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰብሁ። የባልድዊን ሎኮሞቲቮች ባሕር የሚሻገሩት ተፈታተው ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገጣጠማሉ፣ ይፈተሻሉ፣ ከዚያ ተፈትተው ክፍሎቻቸው ምልክት እየተደረገባቸው በሳጥን ይታሸጋሉ፤ ወደብ ላይ ሲደርሱ በዚያው አገር ሰዎች እጅ፣ አንዳንዴም ከፋብሪካው አብሮ በሚላክ ባለሙያ መሪነት፣ እንደገና ይገጣጠማሉ። ከመርከብ ወርዶ የተረሳ ሎኮሞቲቭም አለ፦ በ1878 ከዚሁ ከተማ የተነሣው የኮሊንስ ኩባንያ በአማዞን ጫካ የማዴራ ማሞሬን መስመር ሊሠራ ሲሞክር፣ ሠራተኞችና ዕቃ ጭኖ የወጣው መርከብ «ሜትሮፖሊስ» በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ላይ ተሰበረና ብዙ ነፍስ ጠፋ። የቀሩት ደርሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሐዲድ ቢዘረጉም በሽታና ገንዘብ ማጣት አሸነፋቸውና ሥራው ቆመ። ይዘዋት የሄዷት የባልድዊን ሎኮሞቲቭ «ኮሮኔል ቸርች» ሥራው በ1907 እንደገና እስኪጀመር በዛፍ ተውጣ ኖረች። መስመሩ በ1912 ሲያልቅ እርሷም ዳግም ቆማ ነበር፤ ዛሬም ፖርቶ ቬልዮ ውስጥ አለች። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያ እርጥበት ውስጥ ቆይታ እንደገና ለሥራ መብቃቷን ባሰብሁ ቁጥር እርሷን ለሠሩት ሰዎች አክብሮቴ ይጨምራል።

እኔም ሞዴሏን ፈታኋት። ሰማንያ ሁለት ክፍል ሆነች። በየክፍሉ በመርፌ ትንሽ ምልክት ጫርሁ፦ ለቀኝ ጎን «ቀ»፣ ለግራ ጎን «ግ»፣ ከዚያ ቁጥር። ለእያንዳንዱ ቡድን ከቀጭን እንጨት ሳጥን ሠርቼ ብሎኖቹን በየትንሽ ከረጢታቸው አስገባሁ። የመገጣጠሚያ መመሪያ ሆን ብዬ አልጻፍሁም፤ ምልክቱ ብቻ እንዲናገር ፈልጌ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በፖስታ ላክሁት።

የካቲት 13

ማታ ልጄ ደወለች። ከእራት በኋላ ጀምራ እኩለ ሌሊት አልፏት ነበር።

«አባዬ፣ ሻንሲው ቆሟል፣ ጎማዎቹም ገብተዋል፤ ግን ቀ-3 የሚለው የሚዛን ክንድ ሁለቱም ጫፉ ይገጥማል። የትኛው ነው ወደ ፊት?»

ክንዱ ትክክል እኩል ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ባልኖረ ነበር፤ ነገር ግን ክብደቱን ሳስተካክል የፒኑን ቀዳዳ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አዛውሬው ነበር። ይህንንም በምልክቱ ላይ አላሰፈርሁም። በስልክ እየነገርኋት በካሊብሮ ለካችው፤ አጭሩ በኩል ወደ ኋላ ነው። ገጠመችው፤ ሐዲድ ስላልነበራት በጠረጴዛዋ ላይ እርሳስ አጋድማ በላዩ ገፋቻት።

«ተወዛወዘ፣ አባዬ! አየሁት» አለችኝ።

ግራውን እንድትፈታውና ሁለቱንም ክንዶች መልሳ እንድትልክልኝ ነገርኋት፤ በፊተኛው ጫፋቸው ላይ ቀስት ልቀርጽባቸው ነው።